የአባትህ ማጨጃ ቺንጋ

ልጄ ሲያድ፣ ኤደን ወደብ ላይ ከሚያገኝህ ክፉ ሁሉ አላህ ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን።

የሚያሳፍር ነገር ልንገርህ፣ እንዳትስቅብኝ። ትናንት የአባትህን ሱሪ ከቀሚሴ ስር ደብቄ አጥልቄ፣ እዚሁ ከዚራ ሰፈር ባለው ክለብ ግቢ፣ ሣር ማጨጃዋ ትራክተር ስር በጀርባዬ ተኝቼ ዋልኩ። አባትህ ከመንገድ እስኪመለስ የክለቡን ሥራውን የያዝኩለት እኔ ነኝ።

ምላጩን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ እየተንሸራተተ፣ ምላጩ ሣሩን ማጨድ ትቶ ማኘክ ጀምሮ ነበር። ሥራ አስኪያጁ «እስከ ሰኞ ካልተሠራ የባልሽን ሥራ ለሌላ እሰጣለሁ» አለኝ። የወፍጮ ቤቱ ዱዓሌ መጣና እንደ ወፍጮው ቺንጋ ወጥሮ አሰረው፤ ጎማው ወዲያው ጨሰ። «ተይው ኢድል፣ የሴት ሥራ አይደለም» ብሎኝ ሄደ።

ወላሂ አልተውኩትም! ሞተሩን አጥፍቼ ስሩ ገባሁ። ቺንጋውን የሚወጥረው ሞላ ደህና ነው፤ ሞላው የሚስበው ክንድ ግን በደረቀ ሣርና በግራሶ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ብሏል። በቢላ ፋቅሁት፤ ዱዓሌ ያሰረውንም ፈታሁት። ክንዱን በጣቴ ስገፋው ሄዶ በራሱ ተመለሰ። ሞተሩን ሳስነሳው ሣሩ እኩል ታጨደ!

ቺንጋው ግን ስለተቃጠለ ብዙ አይቆይም። ርዝመቱን በክር ለክቼ ክሩን እዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ ልኩን ፈልገህ ላክልኝ፣ ልጄ።

አላህ ዕድሜህን ያርዝመው። ሰኞ በሥራ አስኪያጁ ፊት ራሴ ነድቼ አጭዳለሁ፤ ዱዓሌንም ጠርቼዋለሁ። ሱሪው ከታየም ይታይ። ፊታቸው ምን እንደመሰለ እጽፍልሃለሁ።

እናትህ ኢድል