የማሬ ደወል

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ድንች ስልጥ የልጄ ትምህርት ቤት ደወል ተመታ። እጄ ቀጥ አለ። ማን እየሮጠ ይመጣ ይሆን? "ማሬ ከግቢ ወጣች!" ሊለኝ... ማንም አልመጣም። ዛሬም አለፈ።

ኅዳር 10

ደብዳቤ መጣ። "ስለ ልጅዎ ትምህርት ለመነጋገር፣ ኅዳር 18።" ባለቤቴ ሞላ ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ሊያባርሯት ነው። አጎቴን አያ ጌጡን ከጋሳይ አመጣለሁ። ሽማግሌ ሲለምናቸው እንቢ አይሉም።"

እሺ አልሁ። ምን ልበል? ባለፈው ወር ደወሉን ፈርታ ሮጣ አስፋልት ላይ ነው የተገኘችው። አይሱዙ መኪና ለጥቂት ሳታት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ፈራሁ ብላ መናገር አትችልም። ቤት ትዋል ካሉ አለቀላት።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

የልዩ ፍላጎት መምህርቷን ጽጌን ገበያ አገኘኋት። ስለ ሽማግሌው ስነግራት ሳቀች። ተናደድሁ።

"ችሎት እኮ አይደለም እታለም፣ እቅድ ልናወጣላት ነው። ደብተር ይዘሽ ነይ። ምን ትችላለች? ምን ያስፈራታል? ምን ያረጋጋታል? ያየሽውን ብቻ ጻፊ።"

ምን ትችላለች ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ? የለም።

ኅዳር 16

የድስት ክዳን ወደቀብኝ። ማሬ ጆሮዋን ይዛ አልጋ ሥር ገባች። ከሰዓት ያንኑ ክዳን ራሷ በማንኪያ ትደበድባለች... እየሳቀች! እንዴት እስከዛሬ ልብ አላልሁም? ጻፍሁት።

ኅዳር 18

ርዕሰ መምህሩ "ለደኅንነቷ ሲባል ለጊዜው ቤት ብትቆይ" ከማለቱ አያ ጌጡ ጋቢያቸውን አደግድገው ተነሡ።

"ስለ ሚካኤል ብላችሁ፣ አጥፍታለች፣ ይቅር በሏት።"

ሞላ አንገቱን ደፋ። ምን አጠፋች? ደሜ ፈላ።

"አያ ጌጡ፣ ይቀመጡልኝ። ልጄ ጥፋት የለባትም።"

ሽማግሌ አቋረጥሁ! ደብተሩን ገልጬ አነበብሁ። ክዳኑ ጋ ስደርስ ጽጌ "ደወሉን ራሷ ብትመታውስ?" አለች። ርዕሰ መምህሩ ደብተሬን ተቀብሎ አገላበጠው። "ሁለት ሳምንት እንሞክር። ከወጣች ግን ቤት ትውላለች።"

አያ ጌጡ ሳያናግሩኝ ሄዱ። ተቀይመውኛል።

ኅዳር 23

እስካሁን አልወጣች... አፌን ሞልቼ ለመናገር እፈራለሁ።

ታኅሣሥ 3

ሁለት ሳምንቱ አለቀ። ጽጌ ጠዋት በር ላይ "አንድ ቀንም አልወጣችም" አለችኝ። አለቀስሁ።

ከሰዓት አያ ጌጡ መጡ፤ ደጅ ተቀመጡ። ድንች ስልጥ ደወሉ ተመታ። አንድ... ሁለት... ሦስት። በሦስት ማቆም ነበረበት። አስራ አንድ ቆጠርሁ፤ እጄ መላጡን አልተወም።

"ምን ሆኖ ነው ይሄ ደወል?" አሉ።

"ማሬ ናት።"

ጆሯቸውን ወደ ደወሉ አዘነበሉ።

"ትምታው እንጂ" አሉ። "ማን ይከለክላታል?"