ፎቶህን ከነጋውንህ አሳጠብኩልህ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከጥቂት ቀን ሆነ። ነገሩ የተበላሸው ግን የቀበርንህ ቀን አይደለም። በሠልስትህ ረፋድ ላይ ነው፤ ታላቅ ወንድምህ አያ ደምሌ ከቆቦ በባጃጅ ያስመጣውን ትልቅ ፎቶ ድንኳኑ መሀል አቁሞ የተሸፈነበትን ነጠላ ሲገልጠው። ለቅሶው ባንዴ ጸጥ አለ። ሙሾ ስታወርድ የነበረችው ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ እጇን ደረቷ ላይ እንዳደረገች ቀረችና፣ “እንዴ፣ ይኼ ደግሞ ማነው? ከወረዳ የመጣ ሰው ነው?” አለች።

ልወቅሳት አልችልም። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ሰማያዊ ሱፍ ለብሷል፣ ቀይ ከረባት አስሯል፣ ፊቱ ነጥቶ እንደ ሳሙና ያበራል። ከኋላው ዳክዬ የሚዋኝበት ሐይቅ አለ። ከቅንድብህ በላይ ያለው የግራር እሾህ ጠባሳ የለም። ቀኝ እጁ ተጨብጧል፣ የጨበጠው ነገር ግን የለም። ግራ ትከሻው ላይ ደግሞ የማን እንደሆኑ የማይታወቁ አራት ጣቶች ተለጥፈዋል።

ጣቶቹ የኔ ነበሩ አባዬ። ከጎንህ ቆሜ የተነሳሁት ፎቶ ነው። እኔን ቆርጠው ሲያወጡ እነሱ ተረስተው ቀሩ።

የተመረቅኩ ቀን ታስታውሳለህ? እንደ ተመራቂው ሁሉ ጋውኔን አውልቄ ላንተ ላለብስህ ስል ጋቢዬን አላወልቅም ብለህ ከጋቢው በላይ ደረብከው። ቆቡ አናትህ ላይ አልቆም ብሎ ወደ ጆሮህ ተንሸራተተ። ዱላህን እንድይዝልህ ስጠይቅህ፣ “ደግሞ ዱላዬን ቀምተሽ ምን ይዤ ልቁም?” አልከኝ። የዋጃዋ ጓደኛዬ ዘሃራ በስልኳ ልታነሳን ስትሞክር በሳቅ እጇ ተንቀጠቀጠባትና ሁለት ጊዜ አበላሸችው። በሦስተኛው ተሳካላት። አንተ የሳቅህበት ፎቶ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩን ሦስቱ፣ በጦርነቱ በሸሸንበት ሰሞን ከቤቱ ዕቃ ጋር እንደጠፉ ታውቃለህ።

ያን ጋውን ለጨዋታ አላለበስኩህም። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አያ ደምሌ ከጎብዬ በኩል ሽማግሌ ይዞ መጥቶ እኔን ለትዳር ሲያስጠይቅ ምን እንዳልካቸው እማዬ ነግራኛለች። “ልጄ ፈተና አለባት” አልክ። እሱን ብቻ። ሌላ ምክንያት አልፈለግክም፣ ይቅርታም አልጠየቅክም። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ልጁ የምታዘው ተብለሃል። ወንድምህ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤታችን እህል አልቀመሰም። አንተ ግን በየጥዋቱ እስከ አስፋልቱ ድረስ ትሸኘኝ ነበር። ስለዚህ ጋውኑ ተገብቶህ ነው የለበስከው።

የኔም ጥፋት አለበት፤ እሱን ልናዘዝልህ። ከምረቃው ማግስት ጀምሮ ያን ፎቶ አሳጥቢልኝ ትለኝ ነበር። ወፍጮ ቤት ለሚሰበሰቡት ጓደኞችህ ልታሳያቸው ፈልገህ ነበር። እኔም የተማርኩ ነኝና፣ “አባዬ፣ ስልክ ውስጥ አለ’ኮ፣ ወረቀት ምን ያደርግልሃል?” እልህ ነበር። አንተ ንክኪ ስልክ የለህም። ወፍጮ ቤት ሄደህ ምን ልታሳያቸው? ይህን ያሰብኩት አንተ ከሞትክ በኋላ ነው። ከዚያም ስልኬ የሽንኩርቱ መስኖ ቦይ ውስጥ ወደቀና ከነፎቶው ሞተ። ዘመድ ዘንድ የቀረው ለአያ ደምሌ ልጅ በቴሌግራም የላክሁለት ብቻ ነበር።

በሠልስትህ ዝም አላልኩም። ድንኳኑ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አያ ደምሌን ለምን ቆረጥከኝ አልኩት። “ሕያው ከሟች ጋር ለቅሶ ቤት አይቆምም፣ ሟርት ነው፤ ላንቺው ብዬ ነው” አለኝ። ጋውኑንስ? “ፊደል ያልቆጠረ ሰው ጋውን ለብሶ ቢታይ ሰው አይስቅብንም?” አለ። ከወንዶቹ አንዱ፣ “አስተማሪዋ፣ እዚህ ክፍል አይደለም፣ ተቀመጪ” አለኝ። ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ባለ ሱፉ ሰውዬ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ወደ ቤት ገባና አንተ ትቀመጥበት ከነበረው መደብ በላይ ተሰቀለ። እማዬ አንድም ቀን ቀና ብላ አላየችውም። በበጋው ንፋስ አቧራው ሲለብሰው ግን እርጥብ ጨርቅ ይዛ ትነሳና ጣቶቼ ያሉባትን የትከሻውን ጥግ ብቻ ታብሳለች። ለምን ሌላውን እንደማትነካው ስጠይቃት፣ “የማውቀው እሱን ብቻ ነው” አለችኝ።

ይኼን ባለችኝ ሳምንት ቆቦ ወዳለው ፎቶ ቤት ሄድኩ። ልጣላ ነበር የሄድኩት። ባለቤቱ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረልኝና፣ “እህቴ፣ ያመጡልኝ ይኼን ነው” አለ። አየሁት። አንዴ በቴሌግራም ተልኮ ጥራቱ ሳስቷል፤ ከዚያ ከስልኩ ላይ ስክሪንሾት ተነስቷል፤ እንደገና ተልኳል። አውራ ጣት ከማታክል ምስል የሰው ቁመት የሚያክል ባነር አውጣ ተብሏል። ሲለጠጥ ፊትህ እንደ ጤፍ ተበታተነ። ያን ለመሸፈን አለሰለሰው፣ ሲለሰልስ ጠባሳህ ሄደ፣ መልክህ ነጣ። ሱፉን አልብሰው ያለው አያ ደምሌ ነው። ሱፉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል አባዬ። ከቆቦ እስከ ጎብዬ ስንቱ ሟች ያንኑ ሰማያዊ ሱፍ ከነከረባቱ ለብሶ እንደተለቀሰለት ሳስብ፣ ሳላስበው ሳቄ መጣ። ሰውየውም ሳቀ። ከዚያ ሁለታችንም አፈርን።

“ዋናውን ፋይል ካገኘሽ ግን እኔው እሠራልሻለሁ” አለኝ።

ዋናው የት እንዳለ አውቅ ነበር። ቅዳሜ ዋጃ ወርጄ ዘሃራን ሱቋ ውስጥ አገኘኋት። ነፍስ ይማር ብላ አለቀሰችና፣ “ወላሂ አላጠፋሁትም፣ የሳቁትን ሰውዬ እንዴት አጠፋለሁ” እያለች ስልኳን ትጎረጉር ጀመር። ስታገኘው ወዲያው በቴሌግራም ልትልክልኝ አለች። እጇን ያዝኩ። ፎቶ ተብሎ ከተላከ ይሳሳል፣ እንደ ፋይል ላኪው አልኳት፤ እንደ ፋይል ሲላክ እንዳለ ይደርሳል። ሰው ከበደሉ ትምህርት ያገኛል ማለት ይኼ ነው መሰለኝ። ሲደርሰኝ ሱቁ ውስጥ ቆሜ በሁለት ጣቴ ዘረጋሁት፤ ጠባሳህ፣ ዱላህ ላይ የተጠመጠመው ሽቦ፣ የጎደለች ጥርስህ፣ ሁሉም አለ። ዘሃራ ውሃ ሰጠችኝ።

የመጀመሪያው ህትመት አልሆነም። ስልኩ ላይ ፊትህ ብሩህ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ጨለመና ጥርስህና ጋቢህ ብቻ ቀሩ። ባለ ፎቶ ቤቱ አስረዳኝ፤ ስልክ ከውስጡ ያበራል፣ ወረቀት ግን አያበራም፤ ስለዚህ ከመታተሙ በፊት ብርሃኑን ትንሽ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ትንሽ ብቻ፤ ከበዛ ያው ባለ ሱፉ ሰውዬ ይሆናል። ሙሉውን እያባከንን እንዳንሞክር ፊትህን ብቻ በቀጭን ቁራጭ እያተመ ከበሩ ውጭ በቀን ብርሃን ያሳየኝ ነበር። አራተኛው ቁራጭ ላይ አንተ መጣህ። ከማሳ ስትመለስ የሚኖርህ ቀለም፣ ጥቁር ከቀይ ጋር። “እሱ ነው” አልኩት። ቁራጩን ደብተሬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ግን የሱ ማሽን ቀለም በኛ ፀሐይ በዓመቱ እንደሚለቅ እሱ ራሱ ነገረኝ። የማይለቀው ህትመት ወልድያ ነው፤ እዚያ የሚያስከፍሉት ደግሞ በትልቁ ወረቀት ነው፤ አንድ ፎቶ ብታደርግበትም ሞልተህ ብትሰጣቸውም ዋጋው ያው ነው። ብቻዬን አልችለውም ነበር። ለጎረቤቶቻችን ነገርኩ። ምን እንደሆነ ታውቃለህ? በሁለት ቀን ውስጥ ግማሹ መንደር ስልኩን ይዞ ቤታችን መጣ። መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ፣ በላስቲክ የታሰረ ስልክ፣ ከሞተ የቆየ ስልክ። ሁሉም ውስጥ ፎቶው ያልታጠበ ሰው አለ። ዓረብ አገር ያለች ልጅ፣ ክርስትና የተነሳ ሕፃን፣ የሞተች እናት። እትዬ በላይነሽ ከባሏ ጋር የተነሳችውን ሰጥታኝ፣ “እኔን ደግሞ ዳክዬ ውስጥ እንዳትከችኝ” አለች። እማዬ ከሞትክ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ሁሉንም ልክ በልኩ ደርድሬ ወረቀቱን ሞላሁትና ወልድያ አሳትሜ ለየባለቤቱ ቆረጥኩት። መሀሉ ላይ አንተና እኔ ነበርን። እንደ ባነሩ ሰው አያክልም፤ አንድ ክንድ ቢሞላ ነው። ግን ቀርበህ ስታየው ጋቢህ ክሩ ሳይቀር ይታያል።

በሙት ዓመትህ ዋዜማ ባለ ሱፉን አውርጄ እሱን ሰቀልኩት። በማግስቱ ካህናቱ ከሄዱ በኋላ አያ ደምሌ ገባ። አየው። አልተቀመጠም። “አውርጂው” አለኝ። አላወርድም አልኩት። “ሟርት ነው ስልሽ! አንድ ነገር ብትሆኚ በማን ይመጣል?” አለ። አያ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ከአባቴ ጎን ብጠፋ ነው ሟርቱ፣ አልኩት። ብትሰማኝ ደስ ይልህ ነበር አባዬ። የሚስቅ ሰው ካለ ደግሞ እዚህ ፊቴ ይሳቅና ልየው አልኩ። ማንም አልሳቀም። እማዬ ከጓዳ ወጥታ ከጎኔ ቆመች።

ያኔ መደቡ ላይ ተቀመጠ፤ እንደ መውደቅ ነበር። ፎቶውን ቀና ብሎ እያየ፣ “የወለላ ፎቶ ከየት ይገኛል?” አለኝ።

አንተ የመለስካቸውን ሽማግሌዎች ወደ ራሱ ቤት እንደወሰዳቸው ታውቃለህ። ልጁ ወለላ እኩያዬ ነበረች፤ በኔ ፈንታ ተዳረች፣ በመጀመሪያ ወሊዷም ሞተች። አንድም ፎቶ የላትም። ሕያው ከሟች ጋር እንዳይቆም ያን ያህል መፍራቱ ከየት እንደመጣ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አዘንኩለት። ከልቤ አዘንኩለት። ለሚኒስትሪ ፈተና ስትመዘገብ የሰጠችው ጉርድ ፎቶ ምናልባት ትምህርት ቤቱ ዶሴ ውስጥ ይኖራል፣ እፈልግልሃለሁ፣ ካገኘሁት በስልኬ አንስቼ አሳጥብልሃለሁ አልኩት። ሰኞ እሄዳለሁ። ፊቷን ከማንም በላይ እኔ አውቀዋለሁ፤ ማንም እንዲያነጣት አልፈቅድም።

ግን ስላዘንኩለት ፎቶውን አላወረድኩትም። ማዘን ሌላ ነው፣ መቆረጥ ሌላ።

አንተን እንዳለህ አስታውስሃለሁ አባዬ፤ ጥቁር ሆነህ፣ ጥርስህ ጎድሎ፣ ፊደል ሳትቆጥር፣ ተመርቀህ። ልጆች ቢኖሩኝ እንዲህ አድርጌ አሳያቸዋለሁ። ላንቺው ብዬ ነው እያለ ከቆምኩበት የሚያነሳኝን ሰው፣ አጎቴም ቢሆን ባሌም ቢሆን፣ ከእንግዲህ አልቀበልም። በሰው ፊት ተቀመጪ ሲሉኝ መቀመጥንም እንደዚያው።

ልጅህ ትርንጎ