ለተረከዝህ የላክሁት የጉሎ ዘይት

ሆሳዕና
ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ፣

የጌታ ሰላም ያለህበት ግቢ ድረስ ገብቶ ያግኝህ። ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ተረከዝህ መድማቱን ተወ? እኔ እንደ ሰው ሁሉ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልሆንኩም ብዬ ልጀምር ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ ግን ውሸት ሆነብኝ። ብዙ ነገር ሆኛለሁ። መጨረሻው ደግ ነውና ሳትደነግጥ ቀስ ብለህ አንብበው።

አብሮህ ታስሮ የነበረው መምህር ተገኘ በተፈታ ማግስት ቤት መጥቶ ስላንተ አጫወተኝ። ሲሚንቶው ላይ በባዶ እግርህ ስትውል ተረከዝህ ተሰነጣጥቆ በጣቶችህ ጫፍ እንደምትራመድ፣ ጀርባህም እየደረቀ እያሳከከ እንደሚያሰቃይህ ነገረኝ። የላክሁልህን ካልሲ ለታመመ ሰው መስጠትህንም አልደበቀኝም። አንተ ድሮም እንዲሁ ነህ። ተናደድኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተነስቼ ወደ ጎረቤታችን ወደ አህመድ እናት ወደ ሩቂያ ሄድኩ።

ሩቂያ ለተሰነጠቀ ቆዳ ከጉሎ የሚበልጥ የለም አለች። ፍሬውን ራሷ ከዳምቦያ ገበያ አመጣችልኝ። ቆላነው፣ ወቀጥነው፣ በውሃ ቀቀልነው፤ ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ በማንኪያ እየገፈፍን ውሃው እስኪጠፋ እንደገና አሞቅነው። ቀኑን ሙሉ ተለፍቶ የወጣው አንዲት የመድኃኒት ጠርሙስና የፍንጃል ግማሽ ነው። ጠርሙሱን በበቆሎ ቆረቆንዳ ወትፌ በወረቀት ጠቀለልኩት። ማታ እግርህን በለብታ ውሃ ታጥበህ፣ ቆዳው ከእርጥበቱ ጋር ሳለ ስንጥቁ ውስጥ እስኪገባ ቀባው። ለጀርባህ ጥቂት ጠብታ በመዳፍ ተሽቶ ሲሞቅ ይበቃል። ማን ይቀባኛል ካልክ፣ ካልሲህን የሰጠኸው ሰው ይቀባህ! ሩቂያ ይህ ሁሉ ለውጭ ነው፣ አንቺ በተለይ ወደ አፍሽ እንዳታስጠጊው ብላ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀችኝ።

እኔ በተለይ ለምን እንደሆነ አሁን ልናዘዝ። በመጋቢት ሲወስዱህ እኔም አላውቅም ነበር። በግንቦት አወቅሁ። ከሳህኑ ስር ብጣሽ ወረቀት ልደብቅልህ ሦስት ጊዜ አስቤ ሦስት ጊዜ ተውኩት። ሁለት ጊዜ ተስፋ አድርገን ሁለት ጊዜ አብረን ያለቀስነውን አልረሳህም። ሦስተኛው ልቅሶ እዚያ ግድግዳ ውስጥ ብቻህን እንዳይደርስህ ፈራሁ። ስለዚህ ምሳህን ስመላልስ ጋቢ እየደረብኩ ነበር። በጥቅምት ፀሐይ ጋቢ የምትደርብ ሴት የወባ በሽተኛ ሳልመስላቸው አልቀረሁም።

የበሩን ደንብ ታውቃለህ፤ ምግብ ያመጣ ሰው በጠባቂው ፊት ሳይቀምስ ምንም አይገባም። እኔ ሞኟ ደግሞ የእግር ቅባት ይቀመሳል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ዘይቱን ይዤ የመጣሁ ዕለት በር ላይ የቆመው አዲስ ሰው ነበር። ቆረቆንዳውን ነቅሎ አሸተተና ጠጪ አለኝ። የሚቀባ እንጂ የሚጠጣ አይደለም አልኩት። ካልጠጣሽ መርዝ ነው ብዬ አስመዘግባለሁ አለ። ብመልሰው አንተ በጣትህ ጫፍ መራመድህ ነው፤ ብጠጣው ደግሞ ስንት ወር የደበቅሁት ነገር አለ። ሰፈሩን ሁሉ የምታዋልደው ሩቂያ የቆጠረችው ቀን ሊደርስ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። በልቤ ጸለይኩና ሦስት ጊዜ ተጎነጨሁ። ጣዕሙን ተወው። አሁን አንጀቴ አይሰነጠቅም አልኩት፤ አልሳቀም።

ባዶውን ሳህን እስኪያወጡልኝ ጥላ ስር ተቀምጬ ሳለሁ ሆዴን ቆረጠኝ። መጀመሪያ የጉሎ ሥራ ነው ብዬ ተሳቀቅሁ። የምሄድበት ቦታ ልፈልግ ብድግ ስል ጋቢዬ ወደቀ። ጠባቂው አየኝ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ምነው ብትነግሪኝ፣ ምነው ብትነግሪኝ እያለ ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጥቶ ጋሪ ጠራ። ደግፎ አሳፈረኝና ከፈረሱ ጎን እየሮጠ እስከ ሩቂያ በር አደረሰኝ። ሩቂያ ረግማ አባረረችው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም በሰላም አለፈ።

በሳምንቱ ያው ሰው ያለ ዩኒፎርም መጣ። ሚስቱ የሠራችውን አጥሚት በፔርሙዝ ይዟል። ጠርሙሱን ያኔውኑ በእጅህ እንዳደረሰልህም ነገረን። ሩቂያ በሩ ላይ ቆማ፣ ደንቡን ታውቃለህ፣ ያመጣ ሰው ሳይቀምስ አይገባም አለችው። አንገቱን ደፍቶ አንድ ኩባያ ሙሉ ጠጣ። ውስጥ ተኝቼ በሳቅ ሞትኩ፤ መጨረሻ ላይ እሱም ሳቀ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ እሱ ነው፤ ስሙን አልጽፍም። እኔ ይቅር ብዬዋለሁ፣ አንተም ይቅር በለው።

ፍንጃሉ ውስጥ የቀረውን ዘይት ጠዋት ጠዋት እጠቀምበታለሁ። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ከመዳፍህ የማይበልጥ ጀርባ እቀባለሁ። እግሮቿ ቁርጥ ያንተን ናቸው፤ ሁለተኛዋ ጣት ከአውራ ጣቷ ትበልጣለች። ተረከዟ ግን ገና መሬት አልነካም።

በሰፈራችን ሴት በልጇ እንደምትጠራ ታውቃለህ። እኔን ስምንት ዓመት ሙሉ የመምህሩ ሚስት ሲሉኝ ኖሩ፤ ከፍቶኝም ዝም እል ነበር። አሁን ሩቂያ በአጥር ብቅ ብላ «የ...» ትልና ትቆማለች። ቀጣዩ ገና የለማ! ጎረቤቱ ሁሉ ስም ያዋጣል፤ እኔ አባት እያለ አይሆንም ብዬ ሁለት ሳምንት ጠብቄሃለሁ። ጠርሙሱ የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ በከሰልም ቢሆን ጽፈህ ከባዶው ሳህን ጋር ላክልኝ። አንድ ቃል ትበቃናለች።

ጌታ እግርህን ያጽናልህ። በሁለት እግርህ አራምዶ ደጃችን ያቁምህ።

ባለቤትህ፣
የ.................... እናት