ያልተላከው ሰባተኛ ድምፅህ

አብዬ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሆነ ይሉኛል። ለእኔ ግን ገና ሦስት ሳምንትህ ነው። ሰው ሁሉ አልቅሶልህ፣ ሰደቃህን አውጥቶ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ እኔ ስፔን ቁጭ ብዬ የስፓኒሽ ግሥ እሸመድድ ነበር። አሁን ሳለቅስ ጎረቤቱ "አብሽሪ ኸዲጃ፣ በቃሽ" ይለኛል። እነሱ ጨርሰዋል፤ እኔ መጀመሬ ነው።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ልብስ የምትሰፋበትን ሱቅ ወንድሜ ኑሩ ለሞባይል ጠጋኝ አከራይቶታል። የስፌት መኪናህ ሳሎን ገብታለች፤ እማዬ ጨርቅ አልብሳታለች። ሰፈራችን ሆጤ ያው ናት፣ ጠዋት ጠዋት ጉም ነው። ለባዕድ አገር ብርድ ብለህ የሰፋህልኝን ካፖርት ደርቤ ነው የምጽፍልህ።

ያስጠጉኝን ሴትዮ፣ ፒላርን፣ ታስታውሳለህ። "ሰው ቤት ስትኖሪ ከእነሱ ቀድመሽ ተነሺ" ብለህ የመከርከኝ በእሳቸው ምክንያት ነው። ባላቸው ሞተውባቸው ቋንቋ ተማሪ እያሳደሩ የሚኖሩ፣ ድምፃቸው ከፍ ያለ፣ ደግ ሴት ናቸው። አሳማ እንደማልበላ ስነግራቸው ለእኔ ብቻ የሚሆን ድስት ገዙ። ይህን በድምፅ ቀድቼ ልኬልህ ነበር። አልሰማኸውም ለካ።

አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፉ ሳለ ስልክ ተደወለ። ሌላ ከተማ ያለ ወንድማቸው ሞቷል። በቃ፣ እንዲያ ቆመው ተነገራቸው። ምድጃውን አጠፉ፣ ወንበር ስበው አለቀሱ፣ ከዚያ ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ። እኔ ዘገነነኝ። ሲመለሱ በተሰባበረው ስፓኒሼ እየኮራሁ አስረዳኋቸው፤ በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም አልኳቸው። ሩቅ ያለ ሰው እስኪመጣ ይደበቃል፣ ሲመጣ መጀመሪያ እህል ይቀምሳል፣ ከዚያ የቅሬው፣ የሰፈሩ እድር ሽማግሌዎች ከበውት ይረዳል። ፒላር ትንሽ አሰቡና ያ ሰው በኋላ አይናደድም ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይናደድም፣ ለእሱ ተብሎ መሆኑን ያውቃል አልኩ። ይህንንም እየሳቅሁ ቀድቼ ላክሁልህ። ስልክህን የያዘው ኑሩ ኮምቦልቻ፣ የሚሠራበት ፋብሪካ በር ላይ ቆሞ ብቻውን ሰማው።

ያኔ አንተ ከሞትክ ሦስት ወር አልፎህ ነበር።

ስደውል እማዬ "ሶላት ላይ ነው" ትላለች። ኑሩ ኔትወርኩ አስቸግሮ ነው ይላል። በወር አንዴ፣ ጁምዓ ቀን፣ ድምፅህ ይመጣል፤ "ልጄ፣ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ የጀመርሽውን ጨርሺ።" የጠየቅሁህን አንዱንም አትመልስልኝም። ኸዱዬ ማለትህም ቀርቷል። እርጅና ነው፣ ስልክም አይመቸውም ብዬ ለራሴ ምክንያት እሰጣለሁ። አማርኛ የማይሰሙት ፒላር እንኳ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የሚገባው ድምፅ ምንድን ነው አሉኝ። የአስር፣ የከሰዓቱ ሶላት አዛን ነው፣ አባቴ ከሶላት በፊት ነው የሚቀዳው አልኩ። የሁሉም ወር አዛን አንድ መሆኑን እሳቸው በጆሯቸው ለዩት፤ ሆጤ ያደግሁት እኔ አልለየሁትም።

የመጣሁ ቀን ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ኑሩ ብቻውን ቆሟል። ስሄድ አንተ የሸኘኸኝ እዚያው ነው። "አብዬ ቤት ነው" አለኝ። ወደ ደሴ ዳገቱን ስንወጣ፣ ፊትህ ቆሜ በስፓኒሽ የምልህን ስለማመድ ነበር። ቤት ገባሁ፣ ምግብ ቀረበ፣ እማዬ እያጎረሰችኝ ዓይኔን አታየኝም። እጄን ሳልታጠብ የቅሬው ሽማግሌዎች ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ አንድ በአንድ ገቡ። አፋቸውን ሳይከፍቱ አወቅሁ። ሥርዓቱን ለፒላር ያስረዳሁት እኔ ነኛ።

የኑሩ ሥራ ብቻ ቢሆን ተቆጥቼ በወጣልኝ። ግን ያዘዝከው አንተ ነህ። መሞትህ እንደማይቀር ስታውቅ፣ አንድ ከሰዓት ከፍራሽህ ቀና ብለህ፣ አዛኑ ፋታ በሰጠህ ቁጥር እየቀዳህ፣ ሰባቱንም ድምፅ በአንድ ቁጭታ ጨርሰሃል። ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች ብለሃል። አዎ፣ እመጣ ነበር። መምጣት መብቴ ነበር። መርፌ ላይ ክር እያስገባህ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" የምትለኝ አንተ፣ ለሞተ ሰው ስድስት ወር መልስ እንድልክ አደረግኸኝ። ከድተኸኛል አብዬ። ይህን ለሌላ ሰው መናገር ነውር ስለሆነ ለአንተው እነግርሃለሁ።

ስሜን ያልጠራኸው ለምን እንደሆነም ገባኝ። ሪያድ ያለችው እህቴ ዘሀራም ያንኑ ድምፅ ነው የምትሰማው። ኮንትራቷ እስኪያልቅ አንድ ዓመት ይቀራታል፤ እሷ እስካሁን አልተረዳችም። ባለፈው ጁምዓ ደውላ ስለ አንተ ጠየቀችኝ። "ሶላት ላይ ነው" አልኳት። ከአፌ እንዴት እንደቀለለ ብታይ።

እማዬ ሰባተኛውን ድምፅህን ለዘሀራ እንድልክላት ስልክህን ሰጥታኛለች። እኔም ገና አልሰማሁትም። አልልከውም አብዬ፤ ትእዛዝህን በማፍረሴ አውፍ በለኝ፣ እኔም አንተን አውፍ እስክልህ ጊዜ ስጠኝ። ነገ ጁምዓ ነው። ቀድሜ እደውላለሁ፣ ተቀመጪ እላታለሁ፣ እነግራታለሁ። የፈለገችውን ያህል ታልቅስ፤ እኔ አልዘጋባትም።

እንዳልረሳህ ቃል እገባልሃለሁ፤ የሰፋህልኝን ካፖርትም፣ የዋሸኸኝንም፣ ሁለቱንም ይዤ። ዘሀራ ስትረጋ ያችን የመጨረሻ ድምፅህን እከፍትላታለሁ፤ መሞትህን እያወቅን፣ አዛኑ እስኪያቋርጥህ ድረስ አብረን እንሰማሃለን።

ልጅህ
ኸዱ