የነጣው አጥንት

ውድ አባዬ፣

ከቀበርንህ ወዲህ ቤቱ ሰው በሰው ነው፤ እኔ ግን ምንም አይሰማኝም። ጥርስ ሊነቀል መርፌ የተወጋ ከንፈር እንዴት ነው የሚሆነው? እንደዚያ ነኝ። አክስቴ «ይቺ ልጅ ካላለቀሰች ትታመማለች» እያለች ፊቴን እንደ ሐኪም ትመረምራለች።

የሰፈሩን የውሃ ማጣሪያ ሥራህን አጎቴ ወርሶታል። ውሃው የሚጣራበት የድሮው የአጥንት ከሰል ደክሞ ስለነበር ከሥጋ ቤት አጥንት አስመጥቶ በበርሜልህ ማክሰል ጀመረ። አንተ አየር እንዳይገባ ክዳኑን በጭቃ ትመርገው የለ? እሱ «እሳት ካልተነፈሰ ምኑን ነደደ!» ብሎ ከፈተው። አጥንቱ እንደ ጠመኔ ነጣ። ሰፈሩን ጠርቶ አሳየ። «ነፍሱን ይማረውና ወንድሜ ሲያጠቁረው ኖረ፤ እኔ አነጣሁት!» ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ።

«አጎቴ፣ ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድ የሚይዘው ጥቁሩ ነው፤ ነጩ ውሃውን እንዳለ ነው የሚያሳልፈው» አልኩት።

«ንጹሕ ውሃ በጥላሸት ይጣራል እንዴ? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም!»

«ተዋት፣ ሐዘን ነው የሚያናግራት» አለች አክስቴ።

የእኛ ጥርስ አንዴ በልዟል። የትንሿ ልጅህ የሚጢጢ ግን አዲሶቹ ገና ድዷ ውስጥ ናቸው፤ የሚወስናቸው አሁን የምትጠጣው ነው። እሷ ደግሞ በነጩ አጥንት የወረደውን ውሃ ቀድታ አፏ አድርሳዋለች።

ኩባያውን ነጠቅኳትና መሬት ላይ ተዘረፈጥኩ። «ወይኔ አባቴ! ጥቁሩን ነበር የምትወደው! ጥቁሩን!» እንባ ስለሌለኝ ፊቴን በክንዴ ሸፈንኩ። አጎቴ ክው አለ። «በቃ፣ በቃ! ሟች የወደደው ይደረጋል! ጭቃ አምጡ!» ኬሚስትሪ ያልረታውን ሰውዬ ኡኡታ ረታው። ሽማግሌዎቹ ከነሱፋቸው ጭቃ ሲያቦኩ ብታይ!

ከሰሉ እስኪደርስ ሚጢጢን የዝናብ ውሃ አጠጣኋት። ትናንት ጥቁሩ ታጥቦ ማጣሪያው ውስጥ ገባ፤ በመመርመሪያህ ለካሁት፣ ፍሎራይዱ ወርዷል። ሚጢጢም ጠጥታ እንደ ሽማግሌ አገሳች።

አክስቴ ግንባሬን ሳመችኝ። «ተመስገን፣ ወጣላት» አለች። አላስተባበልኩም። አሁን ፊቴን ማየት ትተዋል፤ እንግዶቹም ወደየቤታቸው መሄድ ጀምረዋል።

እውነተኛው ለቅሶ ግን ገና አልመጣም፣ አባዬ። ሲመጣ ማን ጋ ሄጄ ላልቅሰው? እነሱ አልቅሳ ጨርሳለች ብለዋል።

ትልቋ ልጅህ