ሚኒባሷን ጨፌው ዳር ያቆምኩበት ቀን

ለጥሩዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ አልጀምርም። አንቺ ባለሽበት ደህና ነሽ፤ ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ከተለየሽኝ አሥር ወር ሆነ። ጥር ላይ ሄድሽ፣ ይኸው ኅዳር መጣ። ሰውዬው ለሞተች ሚስቱ ደብዳቤ ይጽፋል ቢባል ሰፈሩ አበደ ይላል። ይበላ! ዘንድሮ ያላሉኝ ነገር የለም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ሽሮዬ አሁንም ጨው ይበዛበታል። ውኃ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው፤ አንቺ እያለሽም እንደዚያው ስለነበር ይኼ ወሬ አይደለም። ልጃችን ሰላም ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይታ ገብታለች። ና አባዬ አብረን እንኑር እያለች በየሳምንቱ ትነዘንዘኛለች። ከበረንዳው ወፍ ይታያል አለችኝ ደግሞ፣ ልትሸነግለኝ። ወፍ ምን ያደርግልኛል ብዬ አፏን አስያዝኳት። ውሸቴን ነበር። ቦት ጫማሽ በሩ ጥግ እንዳለ ነው፣ የጨፌው ጭቃ እንኳ አልተራገፈም። ልታጥበው ብላ አንስታው ሁለት ቀን ተኳርፈናል።

ሚኒባሷም አለች። ከሳሪስ አቃቂ እንመላለሳለን፤ ሞተሯ ታጉረመርማለች እንጂ አታሳፍርም። በእኔ በኩል ባለው በር ላይ የለጠፍሽው ወረቀትም አለ። በሩን በቀስታ ይዝጉ ይላል። ለተሳፋሪው በር ሁሉም ታክሲ ይለጥፋል። ለሾፌሩ በር የተለጠፈባት ግን በዚህ ከተማ የእኔዋ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ተራ አስከባሪዎቹ ሾፌሩ ራሱን አያምንም እንዴ እያሉ ይስቁብኛል። ስለዚያ ወረቀት የምነግርሽ ነገር አለ፤ ግን ልቤ እስኪደፍር ትንሽ ታገሺኝ።

የጻፍኩልሽ ስለ ኅዳር አሥራ ሁለት ነው።

ጨፌው የተቃጠለበትን ዓመት ታስታውሺዋለሽ። እንደ ወጉ ሰፈሩ ግቢውን ጠርጎ፣ ቆሻሻውን ጨፌው ዳር ከምሮ፣ ኅዳር ሲታጠን በሽታ ይወጣል ብሎ እሳት ለቀቀበት። ከዚያ ነፋስ ተነሳ። ቄጠማው ደርቆ ስለነበር እሳቱ ዳር ዳሩን ይዞ ሮጠ፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ጨፌው ጥቁር ሆነ። ሽመላዎቹ ከላይ ይዞራሉ፣ የሚያርፉበት የላቸውም። አንቺ መኪናው ውስጥ ገብተሽ አለቀስሽ። እኔ ምን እንደምልሽ ጠፍቶኝ ዝናብ በሌለበት የዝናብ መጥረጊያውን አስነሳሁት። እያለቀስሽ ሳቅሽ። ያን ሳቅሽን እስካሁን እሰማዋለሁ።

በዓመቱ ከሚካኤል ቅዳሴ ወጥተሽ ቀጥ ብለሽ ወደ ጨፌው ንዳ አልሽኝ። ነጭ ነገር ወፍ ያስበረግጋል ብለሽ ነጠላሽን አጥፈሽ ወንበሩ ላይ ተውሽው። ያንን ቡናማ ሹራብሽን ለበስሽ። አስተማሪ ጓደኞችሽን፣ ባለሱቁን ከድርን፣ ያገኘሽውን ሁሉ ሰብስበሽ ወፍ እናያለን አልሽና ክምሩና ቄጠማው መሐል አቆምሻቸው። ሰው በቆመበት ማን ክብሪት ይጭራል? በየዓመቱ እንዲሁ አደረግሽ። ከማንም ጋር አልተጣላሽም፣ ማንንም አልለመንሽም። የወፍ ጉዞ ነው ብለሽ ጨፌውን ስትጠብቂ ኖርሽ። ይኼ ተንኮልሽ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እኔማ ወንበሬን ወደ ኋላ ለጥጬ እተኛ ነበር። ለእኔ ሁሉም አሞራ ነው። አንድ ቀን መስኮቱን አንኳኩተሽ ጋጋኖ የሚባለውን ወፍ አሳየሽኝ፤ እንደ ተራ አስከባሪ ይጮሃል ብልሽ መኪናውን ተደግፈሽ እስክትደክሚ ሳቅሽ። ማስታወሻ ደብተርሽ ላይም ጽፈሽዋል፣ አይቼዋለሁ። ጋጋኖ፣ ተራ አስከባሪው፣ ብለሽ።

ዘንድሮ እንግዲህ አንቺ የለሽም። ጥቅምት እንዳለቀ ሰፈሩ ይከምር ጀመር። አሮጌ ፍራሽ፣ ላስቲክ፣ የአጥር ቆርቆሮ፣ የሌለ ነገር የለም። ልዋሽሽ አልችልም፣ ሐምሌ ላይ የጣልኩት የእኔ ጎማም አለበት። ክምሩ ከቄጠማው አሥር እርምጃ አይርቅም። ቄጠማው ደግሞ ደርቋል፤ ሽመላዎቹ ገብተዋል፤ ጠዋት ጠዋት ታጭዶ ባለቀው ጤፍ ማሳ ላይ ይለቅማሉ፣ ሲመሽ ጨፌው ውስጥ ይሰበሰባሉ። አንድ ክብሪት ብቻ ነው የቀረው።

በዋዜማው እትዬ አስካለ ቤት ሄድኩ። ታውቂያቸዋለሽ፣ እሳቸው ሳይለኩሱ ማንም አይለኩስም። ደጃፋቸው ላይ ቆሜ፣ ኮፍያዬን አውልቄ፣ እባክዎ ክምሩን ወደ መንገዱ ዳር እናውጣው፣ እኔ ራሴ እሸከማለሁ አልኳቸው። የአባት የአያት ወግ ነው አሉኝ። እሺ፣ ወጉ ይቅር አላልኩም፣ ቦታው ይቀየር ነው ያልኩት አልኩ። ያኔ ተናደዱ። እሷን እግዜር ያሳርፋት፣ ደግ ሴት ነበረች፣ ግን ሞታም አታስቀምጠንም እንዴ? አሉኝ።

ጥሩዬ፣ ደሜ ፈላ። ለቅሶሽ ላይ ደረታቸውን የደቁ ሴት ናቸው። አዎ፣ አታስቀምጣችሁም! ብያቸው ወጣሁ። ሰው ሁሉ ሞት ወሰዳት ይለኛል። የወሰደውን ወስዷል፤ ኅዳር አሥራ ሁለትን ግን አልሰጠውም።

ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሼ፣ ሩቁን የሚያቀርበውን የወፍ መነጽርሽን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ጨፌው ዳር ደረስኩ። የመጡት አራት ሰዎች ናቸው። ከድር ሱቁን ለሚስቱ ትቶ መጥቷል። ብርቱካን መጥታለች፤ ያቺ ቂሊንጦ ልብስ ስፌት የምትሠራው፣ የወፍ ስም ያስተማርሻት። ሁለት የሥራ ጓደኞቿን ይዛለች። ብርድ ይጋረፋል። አራት ሰው ምን ይከልላል? ከወዲያ እትዬ አስካለ ላምባና ክብሪት ይዘው፣ ግማሹን ሰፈር አስከትለው እየመጡ ነው። ከድር አንገቱን ደፋ። ብርቱካን እኔን አየችኝ፣ አንተ አለህ አይደል በሚል ዓይን። እኔ ደግሞ ምን አለኝ? መናገር አልችልበትም። ወፍ አላውቅም። የማውቀው መንዳት ነው።

ታዲያ ነዳኋ! ሚኒባሷ ውስጥ ገብቼ፣ ኋላ ማርሽ አስገብቼ፣ ክምሩና ቄጠማው መሐል ወሸቅኳት። የኋላው መስታወት ፍራሹን እስኪነካ ድረስ ቀረብኩ። የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ ሞተር አጠፋሁ፣ ቁልፉን ነቀልኩ። ወረድኩና፣ ሰልባትዮው ሙሉ ነው፣ ዛሬ ጠዋት ነው ነዳጅ የቀዳሁት፣ መለኮስ የፈለገ ይለኩስ አልኩ። ቁልፉን በመነጽሩ ማኅደር ውስጥ ከተትኩት። መኪና አንሳ የሚለኝ ካለ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ እኔ ደግሞ ወፍ ላይ ነኝ ብዬ ወደ ጨፌው መንገድ ጀመርኩ።

ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ተከተሉኝ! እየተሳደቡ፣ እየዛቱ፣ ያ ሁሉ ሰው ለቁልፉ ብሎ ከኋላዬ በጭቃው ገባ። በሕይወትሽ እንደዚያ ያለ ብዙ ሰው ያለው ጉዞ አልነበረሽም። እትዬ አስካለ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ይጮሃሉ፣ ሽማግሌ ሆነህ ይኼ ወግ ነው እንዴ ይላሉ፤ እኔ እሄዳለሁ። ቄጠማው መሐል ያለችው ከፍ ያለች መሬት፣ የአንቺ ቦታ ላይ ስንደርስ ብርቱካን ዞራ፣ እማማ፣ እንዲህ ከጮሁ ይሄዳሉ አለቻቸው። ማን ነው የሚሄደው አሉ። መነጽሩን ከአንገቴ ወስዳ፣ ከቄጠማው ማዶ ማሳው ላይ ወዳሉት ሽመላዎች አዙራ ዓይናቸው ላይ አደረገችላቸው።

በስመ አብ! ብለው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሹ። ሽመላው አጠገባቸው የቆመ መስሏቸው ነው። ከዚያ ደግመው አዩ። ደግመው። ከየት ነው የመጡት አሉ፣ ድምፃቸውን ቀንሰው። ብርቱካን አንቺ ያልሻትን ነገረቻቸው፤ አገራቸው በረዶ ሲሆን በረሃና ባሕር አቋርጠው እንደሚመጡ፣ ብርዱ ሲያልፍ እንደሚመለሱ። እንግዳ ናቸዋ! አሉ እትዬ አስካለ። መነጽሩን ለብርቱካን መለሱና፣ ቢሆንም መኪናህን ታነሳለህ አሉኝ።

አላነሳም አልኩ። እስኪመሽ ቢለምኑኝም አላነሳም። ክምሩን ከመኪናዬ ኋላ ማንሳት ግን ይቻላል አልኩ። ተያየን። ከድር ሄዶ ከሱቁ የእጅ ጋሪና አካፋ አመጣ። መጀመሪያ እኔና እሱ ጀመርን፤ ቀጥሎ ብርቱካንና ጓደኞቿ፤ ቀጥሎ ሊጣሉኝ የመጡት እየተነጫነጩ ገቡበት። ሁሉንም ወደ መንገዱ ዳር፣ ወደ ደረቁ ሜዳ አወጣነው። ጎማዬን ለይቼ ወደ ቤት ወሰድኩት፤ ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ ይዞ ተቀምጧል። ከቀትር በኋላ እትዬ አስካለ በእጃቸው ለኮሱት። ኅዳር ታጠነ። ጭሱ ወደ ቃሊቲ ሄደ፣ ጨፌው አረንጓዴውም ደረቁም እንዳለ ቀረ። እትዬ አስካለ ሲሄዱ አልተሰናበቱኝም። ገና ተቀይመውኛል፤ ይቀየሙ።

እጄ ውኃ ቋጥሮ፣ ወገቤ ተቆርጦ ብቻዬን መኪናው ዘንድ ስመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሽመላዎቹ ከማሳው እየተመለሱ ቄጠማው ላይ ያርፋሉ። ጋጋኖዎች ደግሞ፣ እነዚያ ተራ አስከባሪዎች፣ ከሾፌሩ በር አምስት እርምጃ ርቀው ሣሩን ይቆፍራሉ። እስኪርቁ ቆሜ ጠበቅኳቸው። አይሄዱም። ሣሩ ጥሟቸዋል። ወረቀትሽ ከበሩ ላይ ያየኛል።

እንግዲህ ልንገርሽ። ወረቀቱን ከመለጠፍሽ በፊት በነበረው ቀን ጨፌው ዳር በሩን የዘጋው ነፋስ አይደለም። ነፋስ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። ርቦኝ ነበር፣ ቀኑ ሄዷል፣ አንቺ ደግሞ አንዲት ወፍ ላይ ዓይንሽን ተክለሽ እኔን ረስተሻል። ቀናሁ፣ ጥሩዬ። በወፍ ቀናሁ። ሆን ብዬ ነው በሩን ያላጋሁት። ጨፌው ሙሉ ተነሳ፤ ስንት ሰዓት አድፍጠሽ የጠበቅሻት ወፍም ሄደች። መነጽርሽን አውርደሽ ዞረሽ አየሽኝ፣ ነፋስ ነው አልኩሽ። በማግሥቱ ወረቀቱ በሬ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ነፋስ አለመሆኑን ታውቂ ነበር ማለት ነው። ይኼን ሁሉ ዓመት ታውቂ ነበር፣ እኔ ግን ይቅር በይኝ ለማለት አፍሬ ቀበርኩሽ።

ይቅር በይኝ።

ሰላም ልብሽን አውጥተን ለነዳያን እንስጥ ብላለች፤ ይሰጥ። ቡናማው ሹራብ ግን ይቀራል፣ በሚቀጥለው ዓመት እኔ እለብሰዋለሁ፣ ቢጠበኝም። ኮዬ ፈጬ አልሄድም። ኅዳር በመጣ ቁጥር እዚያች ቦታ እቆማለሁ። ሞተሯ እምቢ ካለች ገፍቼ አመጣታለሁ። ሰው ከሰበሰብኩ ሰበሰብኩ፤ ካልሰበሰብኩ እየተሳደቡ ይከተሉኛል። አሁን ሰባት ወፍ በስሙ አውቃለሁ፤ ስምንተኛውን ብርቱካን እያስጠናችኝ ነው። እኔ በሕይወት እስካለሁ አንቺ ማንንም አታስቀምጪም።

የዚያን ዕለት ማታ ታዲያ በጣቴ ጫፍ እየረገጥኩ ሄጄ በሩን ከፈትኩ። ወንበሬ ላይ ወጣሁ። በሩን በሁለት እጄ ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ቀስ አድርጌ ወደ ራሴ ሳብኩት። ቀጭ አለ። አንድ ጋጋኖ ቀና ብሎ አየኝና ሣሩን መቆፈሩን ቀጠለ። አንድም ወፍ አልተነሳም፣ ጥሩዬ። ከእንግዲህም በእኔ በር አይነሳም።

ባልሽ