ብርድ አይደለም

ኅዳር 9፣ ጠዋት

ልጄ አብዲ ዛሬም ጡቴን ያዘና ተወው። ሁለት ሦስቴ ሳብ፣ ከዚያ ማለክለክ። ግንባሩ ላብ፣ እግሩ በረዶ። አማቴ፣ ስታጥቢው በሩን ዘግተሽ ነበር ወይ ይላሉ። ዘግቻለሁ። መስኮቱንስ? ዘግቻለሁ! «እንግዲያ ብርድ አስመታሽው።» መታው አይሉም። ሦስት ፊደል ጨምረው ጥፋቱን እኔ ላይ ጫኑት።

 ደሎ መና፣ የባለቤቴ የጀማል እህት ዘንድ እንውሰደው፣ ቆላው ይሻለዋል ተባለ። እሺ አልኩ። ለምን እሺ እላለሁ?

ኅዳር 11፣ ጎባ፣ ሆስፒታል

ደሎ መና አልወረድንም። ትናንት ከንፈሩ ጠቆረ፤ ከቤታችን ከሮቤ እዚህ ሮጥን። ነርሷ ኦክስጅን የሚለካውን መቆንጠጫ እግሩ ላይ አደረገች። ቁጥር የለም። ተበላሽቷል መሰለኝ አለች። አጠገባችን ልጇን የምታስታምም ሴት፣ «ውይ፣ ማሽኑንም ብርድ መታው!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ደሜ እየፈላ። ነርሷ ደግሞ ዞር ብላ፣ «እናት፣ በደንብ አላለበስሽውም እኮ» አትለኝም! ከነጋቢው፣ ከነብርድ ልብሱ ነው ያመጣሁት!

ዶ/ር መጣች። ልጅ እግር ናት። ማሽኑ ደህና ነው፣ እግሩ ቀዝቅዞ ደም በደንብ ስለማይደርሰው ነው አለች። እጁ ላይ ሲደረግ ቁጥሩ መጣ። አየሩ ስስ ለሆነበት ለደጋ ሰው እንኳ ዝቅተኛ። በአልትራሳውንድ አየችው፦ ልቡ ላይ ቀዳዳ። ልቡ ደክሟል። ደሙ ውስጥ ላክቴት የሚሉት አሲድ በዝቷል፤ ሰውነት ኦክስጅን ሲያጥረው የሚያመርተው፣ ዳገት ስንሮጥ ባታችን ውስጥ የሚጠራቀም። ልጄ ተኝቶ ዳገት እየሮጠ ነው።

ብርዱ ያመጣው ይሆን? አልኳት። ብርድም ያባብሳል፣ አሙቀነው እንደገና እንለካለን አለች።

እጠብቃለሁ። የልጄን ውጤት ነው ወይስ የራሴን ፍርድ?

ኅዳር 12፣ ከሰዓት

ገላ ለገላ አቅፌው ዋልኩ። ሞቋል። ቴርሞሜትሩም ደህና ነው ይላል። ኦክስጅን አለው፣ የልብ መድኃኒት ጀምሯል። ላክቴቱ ግን አልወረደም። ብርዱ ሄዶም አልወረደም።

ደስ አለኝ። ደብተሬ፣ ላንተ ብቻ ነው የምናገረው። እኔ አይደለሁም ብዬ ደስ አለኝ! ከዚያ የዶ/ሯን ፊት አየሁ። አልወረደም ማለት ልቡ አልቻለም ማለት እንደሆነ ገባኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው ያደረጉኝ?

የልብ ቀዶ ሕክምና ወደሚሠራበት፣ አ.አ.፣ ዛሬውኑ ይሂድ አለች።

ያው ቀን፣ ከመግሪብ ሶላት በፊት

አማቴ ለመና የሚሆን ስስ የልጅ ልብስ ይዘው መጡ። ሆስፒታሉ ራሱ ብርድ ነው፣ ቆላው ያድነዋል፣ ኢንሻአላህ ይላሉ። እንባቸው ይወርዳል። መጥላት አቃተኝ፤ ያም አናደደኝ። ጀማል መሬት መሬት ያያል።

«በል ንቀለው!» አልኩት በሰው ፊት። «ኦክስጅኑን ነቅለህ በአውቶቡስ አውርደው!»

እጁን ወደ ኦክስጅኑ አልዘረጋም። ወደ እናቱ ዞሮ በኦሮምኛ፣ አዲስ አበባ ነው የሚሄደው አላቸው። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ይንቀጥቀጥ።

አምቡላንስ ውስጥ ነን። የኦክስጅን ሲሊንደሩ እስከ ሻሸመኔ ይበቃል? ብዬ ሹፌሩን ጠየቅሁት። አላህ ያውቃል፣ እህቴ፣ አለ። አላህማ ያውቃል። እኔ አንተን ነው የጠየቅሁት! ሁለተኛ ሳይጫን ይህ መኪና ንቅንቅ አይልም። ጀማል ሊያመጣ ሮጧል። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ቁልፉን ነቀልኩት፤ ጀማል ሲሊንደሩን ይዞ እስኪመጣ አልመልስም።